በጥቁር ፍሬም የመጣ ሰላምታ

ሐይቅ፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ሙአዊያ፣
አሰብ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አሏህ ይህችን ደብዳቤ በጤናና በደስታ ያስነብብዎት። ባለቤትዎ እትዬ ዑምኩልሱም፣ ልጆችዎ፣ ጎረቤቶችዎ እንደምን ከረሙ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ዝናቡ ሳይጎድል ወጣልን፣ ማሽላውም ዘንድሮ ደስ ይላል።

ማን እንደሆንኩ ግራ እንዳይገባዎት ልናገር። ኢልሀም እባላለሁ፤ የአጎትዎ ልጅ የዘይኑልአቢዲን ልጅ ነኝ። እርስዎ አያውቁኝም፤ እኔ ግን ስምዎን እየሰማሁ ነው ያደግኩት። አባቴ ፎቶ አንሺ መሆኔ ባናደደው ቁጥር "ይች በሙአዊያ ወጥታ ነው" ይላል። አሰብ ላይ ፎቶ ቤት እንደነበርዎት ያወቅኩት ከዚሁ ከአባቴ ቁጣ ነው።

እኔም እዚህ ሐይቅ፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። እንጀራዬ የመታወቂያ ጉርድ ፎቶና ሠርግ ነው። ልቤ ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። ከድንበሩ ወዲያ ዘመድ የቀረባቸውን ሰዎች እየዞርኩ አነሣለሁ። ሐይቁ ላይ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ የሚያጠምድ ሰው አለ፤ ወንድሙ እናንተ ጋ ባሕር ላይ ያጠምዳል። ውጫሌ ገበያ በርበሬ የምትሸጥ ለተብርሃን የምትባል ሴት አለች፤ እህቷ ወዲያ ናት፤ ዓመት ሙሉ ወሬዋን አልሰማችም። የእርስዎን እናት እማማ መሪማንም አምባሰል ወጥቼ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ደኅና ናቸው፣ ቁጣቸውም እንዳለ ነው።

ልመናዬ ይህ ነው። እኔ ከዚህ ያለውን ሳነሣ እርስዎ ደግሞ ከወዲያ ያለውን ቢያነሡልኝ። አንድ ቀን ሁለቱን ጎን ለጎን እሰቅላቸዋለሁ። መንገዱ ቢዘጋ ግድግዳ ላይ ይገናኙ። እዚህ ሻይ ቤቱ ሁሉ ስለ ባሕርና ስለ ወደብ ነው የሚያወራው፤ እዚያስ ምን ይባላል?

ደብዳቤውንና ፎቶዎቹን የሚወስደው አብዱልሰመድ ነው፤ በከባድ መኪና ጅቡቲ የሚመላለስ የሰፈራችን ልጅ ነው። ከጅቡቲ ወዲያ የሚያደርስልኝ ሰው አለ ብሎኛል። ስልክ ስለማይገባ መልስዎን በዚሁ መንገድ እጠብቃለሁ።

ልጅዎ ኢልሀም ዘይኑልአቢዲን

* * *

አሰብ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ላላየኋት ልጄ ለኢልሀም

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላህ። አሏህ እጅሽን ከመንቀጥቀጥ፣ ዓይንሽን ከአቧራ፣ ደንበኛሽን ከመቁነጥነጥ ይጠብቅልሽ። ለፎቶ አንሺ ከዚህ የበለጠ ምርቃት አላውቅም። ቀኑን በእናንተ አቆጣጠር ጽፌልሻለሁ፤ እዚህ በፈረንጅ ነው የምንቆጥር። ዑምኩልሱም ትስምሻለች። እሷ የዚሁ አገር አፋር ናት፤ አማርኛ ትሰማለች እንጂ ማንበብ አታውቅም፤ ደብዳቤሽን እኔ ነኝ ያነበብኩላት። "ይች ልጅ ምላሷ ጣፋጭ ነው፣ አንድ ነገር ልታስደርግህ ነው" አለችኝ።

ፎቶዎችሽን አየሁ። ልቆጣሽ ነው። ዓሣ አጥማጁን ለምን ከጀርባው አነሣሽው? ሰውዬው ፊት የለውም? በርበሬ ሻጯንስ ሳታውቅ ነው ያነሣሻት፤ ነጠላዋ ወድቋል። በእኔ ጊዜ ሰው ፎቶ ቤት የሚመጣው ፊቱን ታጥቦ ነው፤ ክራባት የሌለው ከእኔ ይዋሳል፤ ቀጥ ብሎ ይቀመጥና ካሜራውን ያየዋል። ሰው መታየት በሚፈልገው መልክ ሲታይ ነው ክብሩ። አሁን እናንተ ደግሞ ሰውን ሳያውቅ ማንሣት እውነት ነው ትላላችሁ።

ያም ሆኖ ያልሽውን አደርጋለሁ። ወደቡን አላነሣም። ለምን እንደማላነሣ አትጠይቂኝ፤ ሻይ ቤት የሚወራውንም በደብዳቤ አትጻፊልኝ። በር አነሣልሻለሁ። እዚህ ሰፈራችን ውስጥ በጦርነቱ ጊዜ ወደ እናንተ የሄዱ የወሎ ሰዎች ቤት አለ፤ የማን በር የማን እንደሆነ አውቃለሁ። የትኛው ሲከፈት እንደሚጮህ ሳይቀር አውቃለሁ።

ግን በነፃ አይደለም። የእናቴን ፎቶ ላኪልኝ። ከዚያ ጦርነት ወዲህ አላየኋትም። መንገዱ ለጥቂት ወር የተከፈተ ጊዜ "ለኢድ እመጣለሁ" ብዬ ልኬባት ነበር፤ ኢዱ ሳይደርስ መንገዱ ተዘጋ። በጦርነቱ ጊዜ እሷም ከዚህ ስትሄድ ቤቴ ውስጥ የነበሩ ፎቶዎቿን ሁሉ ከግድግዳው ላይ እየነቀለች ይዛቸው ሄደች። ድምጿ አልጠፋብኝም፤ ፊቷ ግን እየጠፋብኝ ነው ልጄ። የዚህን ከተማ ሰው ሁሉ ፊት በቃሌ ይዤ የእናቴን ሳጣው ያስፈራኛል።

ሙአዊያ

* * *

ሐይቅ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ሙአዊያ

አሰላሙ ዐለይኩም። ቁጣዎ በሰላም ደርሶኛል፤ አሏህ እድሜዎን ያርዝመውና ገና ብዙ ይቆጡኝ። እትዬ ዑምኩልሱም ስለ ምላሴ ያሉት ልክ ነው ይበሉልኝ።

እንዳዘዙኝ ወደ እናትዎ ዘንድ ወጣሁ። ከውጫሌ ባጃጅ እስከሚደርስበት ሄጄ ቀሪውን በእግሬ ወጣሁት። እማማ ደጃፍ ተቀምጠው ባቄላ ይለቅማሉ። ዓይናቸው ያያል፣ ጆሯቸው ግን እንደፈለጉ ነው፤ ያልወደዱትን አይሰሙም። የተባባልነውን እንዳለ ልጻፍልዎት።

"እማማ፣ ጋሽ ሙአዊያ ፎቶዎን ላኪልኝ ብለዋል።"

"ደኅና ነው ልጀ?"

"ደኅና ናቸው።"

"ደኅና ከሆነ ይምጣና ይየኝ።"

"መንገዱ ዝግ ነው እኮ እማማ።"

"መዘጋቱን ካንች ልስማ? ወላሂ አልሰጥም! ፎቶየን ካገኘ መምጣቱን ይተወዋል። የጎረቤታችን የኸሚስ ልጅ ጅዳ ሁኖ፣ የናቱን ፎቶ ስልኩ ላይ ለጥፎ ጧት ማታ ሲያያት ኑሮ ለቀብሯ እንኳ አልደረሰ። የናፈቁትን ሲያዩት ያጠግባል። እኔ ልጀን አላጠግበውም፤ እንደተራበ ይምጣ!"

ከዚያ ወዲያ ጆሯቸው ጠፋ። ካሜራው አንገቴ ላይ ነበር፤ አጎንብሰው ባቄላቸውን ሲለቅሙ ሰርቄ ላነሣቸው እችል ነበር። እውነቴን ነው፣ እጄ ሄዶ ነበር። ግን እርስዎ ያሉት ትዝ አለኝና ተውኩት። የላክሁልዎት ግቢያቸውን፣ የተቀመጡበትን መደብና ወደ ገደሉ የሚወርደውን መንገድ ነው። ሰው የለበትም ብለው እንዳይቆጡኝ፤ ሰውዬዋ እንቢ ብለው ነው።

ልጅዎ ኢልሀም

* * *

አሰብ፣ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢልሀም

ሰላምና ጤና ካንቺ አይራቅ። እናቴ ያለችውን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ቀጥሎ ሆድ ባሰኝ፤ ከዚያ ደግሞ ኮራሁ። አልተለወጠችም። ሰርቀሽ ስላላነሣሻት አሏህ ይባርክሽ።

በሮቹን አንሥቼልሻለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አሉ። በያንዳንዱ ጀርባ የባለቤቱን ስም ጽፌያለሁ። ካገር አገር ፈልገሽ ብታገኚያቸው በራቸው እንዳለ ንገሪያቸው።

እሷ ፎቶዋን ብትነፍገኝ እኔ የራሴን አልነፍጋትም። እሷ እኔን አይታ ብትጠግብ ደስ ይለኛል። ስለዚህ ለኢድ ስጦታ አሰብኩላት። ነጭ ጀለቢያዬን ለበስኩ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ሽበቴን አልደበቅኩም፤ ካሜራው በራሱ እንዲያነሣ አድርጌ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ከድሮው ፎቶ ቤቴ የቀረችኝን የመጨረሻዋን ትልቅ ወረቀት አውጥቼ አሳድጌ አተምኩት። ፍሬሙንም ራሴ ሠራሁት። ቤት ውስጥ ያለኝ ቀለም ጥቁር ብቻ ስለሆነ ጥቁር ቀባሁት፤ ግን ያምራል፣ ክብር አለው።

ፎቶውን የሚወስደው ጁማ የሚባል የአፋር ነጋዴ ነው፤ ሰዎቹ እስከ ባቲ ገበያ ይደርሳሉ። ደብዳቤውንም ጨምር ስለው "ፎቶ እይዛለሁ፣ ጽሑፍ አልይዝም" አለኝ። አልፈርድበትም፤ መንገድ ላይ ጽሑፍ ያስጠይቃል። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ በጅቡቲ በኩል እንደወትሮው ይመጣል። ከፎቶው ቀድሞ ይደርስሻል ብዬ አስባለሁ። ስታደርሽላት "ልጅሽ ኢድ ሙባረክ ብሎሻል" በያት።

ሙአዊያ

* * *

ሐይቅ፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ዑምኩልሱም

ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። አሏህ ሶብሩን ይስጥዎት፤ ጋሽ ሙአዊያን በጀነተል ፊርደውስ ያኑርልን። በምን ቃል እንደማጽናናዎት አላውቅም። ማንበብ እንደማይችሉ ጋሽ ሙአዊያ ጽፈውልኝ ስለነበር ይህን የሚያነብልዎት ሰው ቀስ ብሎ ያንብብልዎት።

የላኩት ፎቶ ደርሶናል። ከባቲ ከእጅ እጅ እየተቀባበለ እኔ ዘንድ መጣ። የመጨረሻው ሰው "ካሰብ ነው" ብሎ አስቀምጦ፣ ዓይኔን ሳያይ ወጣ። የተጠቀለለበትን ሸማ ስገልጠው ክው አልኩ። እናንተ ዘንድ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ በእኛ አገር እንዲህ ያለ ትልቅ ፎቶ፣ በጥቁር ፍሬም፣ ለቅሶ ላይ በደረት ተይዞ ነው የሚወጣ። ከሙሽራ በቀር በሕይወት ላለ ሰው አሳድጌ አላውቅም። ወረቀትም አልነበረበትም። መርዶ ደግሞ በወረቀት አይላክም፤ እናንተም ወጉን ጠብቃችሁ ነው ብዬ ተረዳሁት።

ሰው ልኬባቸው የእማማ ጎረቤት ሙሐዲንና የሰፈራቸው ሽማግሌዎች ፎቶ ቤቴ ድረስ መጡ። "አንች የሙያው ሰው ነሽ፣ ምን ትያለሽ?" አሉኝ። "የሐዘን ፎቶ ነው" አልኳቸው። በማግስቱ፣ ሰው የረመዷን ሱሑሩን በልቶ እንዳበቃ፣ ጎሕ ሳይቀድ አብረን ወጣን። እማማ ገና ስንገባ አይተውን "ልጀን ነው?" አሉ። ፎቶውን ሙሐዲን አቀበላቸው። አቅፈው ወደ ደጅ፣ ወደ ብርሃኑ ወጡና አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ "ይህን ሽበት ማን አበቀለበት? እኔ ሳላየው! እኔ ሳላየው!" እያሉ ጮኹ።

ሰዉ ሁሉ መጣ። ዝናውና ሚስቱ ስህን፣ የእማማ ክርስቲያን ጎረቤቶች ናቸው፣ ሦስቱን ቀን ከግቢው አልወጡም። ረመዷን ስለሆነ ሰደቃው ለማፍጠሪያ ሆነ። መስጊዱም አስከሬን በሌለበት የሚሰገደውን ሶላተል ጋኢብ ሰገደላቸው። እማማ ፎቶውን ከጉልበታቸው አላወረዱትም፤ ያዋሩታል።

እትዬ፣ መቼ እንዳረፉና የት እንደተቀበሩ ያስጽፉልን። አሏህ የባል ሐዘን ወራትዎን፣ ዒዳዎን፣ በሰላም ያስጨርስዎት።

ሐዘንተኛዋ ልጅዎ ኢልሀም

* * *

ሐይቅ፣ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ሙአዊያ፣ አሉ?

የየካቲት ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝ። የአብዱልሰመድ መኪና ሚሌ ላይ ተበላሽታ ስትጠገን፣ ደብዳቤዎ መሪው ሥር ተኝቶ ከረመ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለኢድ ሙባረክ የላኩትን እኛ መርዶ አደረግነው። "የሐዘን ፎቶ ነው" ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሰው ሁሉ አልቅሷል፣ እማማ ድምፃቸው እስካሁን ዝግ ነው። ለእትዬ ዑምኩልሱም በሌላ ሹፌር የላክሁት ደብዳቤ እጅዎ ከገባ ምን ይሉኝ ይሆን? አፈር ልብላ!

ለእማማ ገና አልተነገራቸውም። ነገ ጧት ለመርዶ የሄድነው ሰዎች ሁሉ ተመልሰን እንወጣለን። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ሁሉም ያውቃል፤ ይህን እንዴት እንደሚነግሩት ግን ሽማግሌዎቹም ግራ ገብቷቸዋል። ድንገት ቢነገራቸው ልባቸው ይቆማል ብለው ይፈራሉ። ዱዓ ያድርጉልን።

ኢልሀም

* * *

አሰብ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢልሀም

ከሟቹ ከሙአዊያ። ሰላም ላንቺ ይሁን።

ለዑምኩልሱም የጻፍሽው ደረሰ፤ ለእኔ የጻፍሽውም ተከተለው። ፖስታው በስሟ ስለሆነ ተቀበለችና እንደወትሮው ለእኔ ሰጠችኝ። "ኢንና ሊላሂ" የሚለውን ሳይ እናቴ የሞተች መሰለኝ። ቀጥዬ ሳነብ የሞትኩት እኔ ነኝ። የራሴን ለቅሶ ለራሴ ሚስት ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ዒዳው ላይ ስደርስ መሬት ላይ ተንከባለለች። ከዚያ ወዲያ አልቻልኳትም፤ ሻይ ስላት "ዒዳ ላይ ነኝ፣ ራስህ አፍላ" ትለኛለች።

አትጨነቂ፤ ጥፋቱ የጥቁር ቀለሙ ነው። የተሰገደብኝን ሶላትና የተደረገውን ዱዓ ግን እንዳትመልሱት፤ ይቀመጥልኝ፣ አንድ ቀን ያስፈልገኛል። ደግሞም ልንገርሽ፣ አምባሰል ላይ ሙአዊያ ብሎ የሚያውቀኝ ሰው የቀረ አይመስለኝም ነበር። ከጎልማሳነቴ ጀምሮ የማላውቀው አገር ሰው ሥራውን ትቶ፣ ጾሙን ይዞ ሦስት ቀን ተቀመጠልኝ። ማን ማን እንደመጣ ጻፊልኝ። ዝናውን ከነሚስቱ አመስግኚልኝ።

የሳቅኩት ግን እናቴ ፎቶዬን ወደ ብርሃን አወጣችው እስከሚለው ድረስ ነው። ስለ ሽበቴ ያለችውን ለዑምኩልሱም አላነበብኩላትም፤ ዘለልኩት። ወጣሁና ደጅ ተቀመጥኩ። አሁን አውቃ ይሆን? ጤናዋስ? እባክሽ ቶሎ ጻፊልኝ። አሏህ ካለ መኪናውም አይበላሽ።

ሙአዊያ

* * *

ሐይቅ፣ ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ሙአዊያ

አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ! "ከሟቹ" የሚለውን ሳነብ እየሳቅኩ አለቀስኩ። የመጪው አረፋ በዓል የሰላም ይሁንልዎት።

የእማማን ነገር ልንገርዎት። የየካቲት ደብዳቤዎ በደረሰኝ ማግስት ወጣን። ሙሐዲን "እማ መሪማ፣ አንድ የተሳሳትነው ነገር አለ" ብሎ ጀመረና ቃል አጠረው። እማማ ተራ በተራ አዩን። "ምን ትፈዛላችሁ? አልሞተም በሉኛ!" አሉ። "አልሞተም" አልናቸው ሁላችንም ባንዴ። ተነሡ፣ ውዱእ አደረጉ፣ ሁለት ረከዓ ሰገዱና ሲጨርሱ ሽማግሌዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ተቆጧቸው። ለእኔ ሲደርሱ አልፈውኝ ወደ ጓዳ ገቡ፤ ይህ ከቁጣው ሁሉ ባሰብኝ።

ባለፈው ሳምንት ሰው ልከው አስጠሩኝ፤ "ካሜራዋን ይዛ ትምጣ" ብለዋል።

"አንሽኝ" አሉኝ ገና ስገባ።

"እማማ፣ አልሰጥም ብለው ማለው አልነበረም?"

"መሐላየን አሏህ ይቅር ይበለኝ፤ ከፋራውን እጾመዋለሁ። ልጀን ሳለቅስ የምይዘው ነበረኝ። አየሁት፣ አዋራሁት፣ ወጣልኝ። እኔ ስሞትበት እሱ ምን ይይዛል? ባዶ እጁን ሊያለቅስ ነው? እንደተራበ ይምጣ ብየ ነበር። እንግዲህ አይመጣም፤ ይብላ።"

ፊታቸውን ታጠቡ፤ አዲሱን ሻሻቸውን አሰሩ። እርስዎ በሚወዱት መንገድ ነው ያነሣኋቸው፤ ከፊት ለፊት፣ ቀጥ ብለው፣ ካሜራውን እያዩ። ሳነሣቸው ስለ ፊት የተቆጡኝ ገባኝ። አንዴ ካነሣሁ በኋላ "ይበቃል፣ ልጀም አንድ ነው" አሉ። ሐይቅ ወርጄ አትሜ ስመለስ ሳያዩት ፖስታው ውስጥ ከተው በእጃቸው አሸጉት። ካሜራው ላይ የቀረውንም ዓይናቸው እያየ እንዳጠፋው አዘዙኝ፤ አጠፋሁት። እንግዲህ ያለው ይኸው ብቻ ነው። አደራዎን፣ ሲደርስዎት ወዲያው ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ኢልሀም

* * *

አሰብ፣ ሐምሌ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢልሀም

ሰላም ላንቺ፣ ለአባትሽ፣ ለአምባሰል ሰው ሁሉ ይሁን። ፖስታው በደኅና ደርሶኛል። አልከፈትኩትም።

እብድ ነው አትበይኝ፤ እሱን ዑምኩልሱም ብላኛለች። "ስንት ዓመት ስታለቅስለት የኖርከውን ነገር እጅህ ላይ አስቀምጠህ ታየዋለህ?" ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። እኔም ብርቱ ሆኜ አይደለም። ፀሐይ ላይ ይዤው ነበር፤ ፖስታው ስስ ነው፣ የሻሿ ጠርዝ ይታያል። ቶሎ ብዬ ገለበጥኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው ልጄ። እናቴ ይህን ፎቶ የሰጠችኝ ሞቼ ካለቀሰችልኝ በኋላ ነው። "እንግዲህ አይመጣም" ብላ የሰጠችው ነው። ከከፈትኩት አዎ፣ አልመጣም ማለቴ ነው። እዚህ ስለ መንገዱ የሚወራውን አንቺም ታውቂያለሽ፤ እኔ አልጽፈውም። ደስ የሚል ወሬ አይደለም። ግን እሷ መጠበቁን ከተወችው እኔን ወደዚያ የሚጠራኝ ማን ቀረ? በዚህ እድሜዬ የሚጠብቀኝ ሰው ከፎቶ ይበልጥብኛል።

ስለዚህ መልሼ ልኬዋለሁ። እንደታሸገ በእጇ ስጫት። አልጠገበም በያት። እንደተራበ ነው፣ መጥቶ ራስሽን ያያል በያት። የእኔን ግን ታስቀምጠው፤ ፍሬሙን ነጭ ቀቡላት።

ሙአዊያ

* * *

ሐይቅ፣ መስከረም 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ሙአዊያ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ዝናቡ ወጥቶ መንገዱ እንደደረቀ አምባሰል ወጣሁ። ፖስታውን ስሰጣቸው እማማ አላወቁትም ነበር። አገላብጠው ማሸጊያውን በጣታቸው ዳሰሱት።

"አልከፈተውም?"

"አልከፈቱትም።"

"ሰጥቸው እንቢ አለኝ?"

"አዎ እማማ። አልጠገብኩም፣ መጥቼ ራስዎን አያለሁ ብለዋል።"

እንዲያለቅሱ ጠብቄ ነበር። "እሰይ!" አሉ፤ ጭኔን መቱኝ። "እሰይ ልጀ!" ከዚያ ፖስታውን ሣጥናቸው ውስጥ አስገብተው ቆለፉና ሙሐዲንን ይጠሩት ጀመር። "ልጀ የሚያርፍበት" ያሉትን ጓዳ አየሁት፤ ግድግዳው በዝናቡ ተላልጧል፣ አልጋ የለበትም፣ የማሽላ ጆንያ ነው ያለበት። ጆንያው በዚያው ቀን ወጣ።

ትናንት ተመልሼ ስሄድ እማማ ደጃፍ ሙሐዲን ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ጭቃና ጭድ ሲረግጥ አገኘሁት። ለማንሣት ካሜራዬን ሳወጣ ዝናው በመንገድ ሲያልፍ አየውና ቆመ።

"በዚህ ማለዳ የማንን ቤት ነው የምትመርገው?" አለው።

ሙሐዲን ቀና ሳይል "የሟቹን" አለው።

ዝናው ጫማውን አውልቆ ገባና አብሮት ይረግጥ ጀመር።

ልጅዎ ኢልሀም